አሮጌ ስልክ፣ የመኪና ስክሪንና የሞተ ላፕቶፕ፦ ትንሽ ሞኒተር በቤታችሁ ሥሩ

ሁለተኛ ስክሪን የሚያስፈልገው ሰው ጅማ ውስጥ ሞልቷል። ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለው የምህንድስና ተማሪ በአንዲት ላፕቶፕ ላይ ፒዲኤፉንና አውቶካዱን እያፈራረቀ ያመሻል። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ ደንበኛ በቴሌግራም የላከላትን ለማየት የምትጽፈውን ገጽ በየደቂቃው ትዘጋለች። የደህንነት ካሜራ የሚገጥም ባለሙያ ደግሞ የዲቪአሩን (የካሜራውን ምስል የሚቀዳው ሳጥን) ምስል ለማየት ብቻ የደንበኛውን ትልቅ ቴሌቪዥን ከግድግዳ ያስነቅላል። አዲስ ሞኒተር ይገዛ ከተባለ ዋጋው ኪስ ይጎዳል።

ስክሪን ግን በየቤታችን ተርፏል። ሲም ካርድ የማይቀበል ታብሌት አለ፣ አዲስ ስልክ ሲገዛ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ስልክ አለ፣ ከመኪና የተነቀለ የሪቨርስ ካሜራ ስክሪን አለ፣ ማዘርቦርዱ ሞቶ ስክሪኑ ግን ደህና የሆነ ላፕቶፕ አለ። እነዚህን ሥራ ላይ ማዋል ይቻላል። ከባድም አይደለም። ከዚህ በታች ያሉትን መንገዶች ከቀላሉ ጀምሬ እስከ ከባዱ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ሁሉንም መሞከር የለባችሁም፣ እጃችሁ ላይ ካለው ዕቃ ጋር የሚሄደውን ያዙ።

መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ

ሰው ስክሪን ሲመርጥ ስፋቱን ያያል። እኔ የምላችሁ ከስፋቱ በፊት ምስል የሚገባበት ቀዳዳ አለው ወይ የሚለውን እዩ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ነገር ሁሉ ምስል ይቀበላል ማለት አይደለም። ፎቶ የሚያሳዩት ዲጂታል ፍሬሞች ዩኤስቢ አላቸው፤ አብዛኞቹ ግን ፍላሽ ላይ ያለ ፎቶ ከማንበብ ውጭ ሌላ አያውቁም። የዲሽ ሪሲቨር ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ ምስል የሚወጣበት ነው እንጂ የሚገባበት አይደለም። የላፕቶፕም እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ አንዱን ላፕቶፕ ከሌላው በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኝቶ ሞኒተር ማድረግ አይሠራም። የታብሌት የቻርጀር ቀዳዳም ብቻውን ምስል አያስገባም።

እንግዲህ ምስል ወደ ትንሽ ስክሪን የሚገባው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በቀጥታ በገመድ ነው፤ ስክሪኑ ራሱ ኤችዲኤምአይ፣ ቪጂኤ ወይም ቢጫው የኤቪ መግቢያ ካለው። ሁለተኛው በሶፍትዌር ነው፤ ኮምፒውተሩ ምስሉን በዋይፋይ ወይም በዩኤስቢ ገመድ ይልከዋል፣ ስልኩ ላይ ያለ አፕ ይቀበለዋል። ሦስተኛው ከመሃል አንድ ትንሽ መቀየሪያ ገብታ ነው። የያዛችሁት ዕቃ የትኛው ውስጥ እንደሚወድቅ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

አሮጌ ስልክ ወይም ታብሌት በሶፍትዌር

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላለው ሰው ከዚህ የቀለለ የለም። የምንጠቀመው ስፔስዴስክ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ሁለት ክፍል አለው፦ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ድራይቨርና ስልኩ ላይ የሚጫን ማሳያ አፕ። ድራይቨሩ ኮምፒውተሩን «ሌላ ሞኒተር ተሰክቶልሃል» ብሎ ያሳምነዋል፤ ዊንዶውስም እውነተኛ ሞኒተር እንደተሰካ አድርጎ ያየዋል። ለግል ጥቅም ክፍያ የለውም።

1. ኮምፒውተሩ ላይ ድራይቨሩን ከራሱ ከስፔስዴስክ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። ለዊንዶውሳችሁ የሚሆነውን ምረጡ፤ 32 ቢት ነው 64 ቢት የሚለውን በሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለው ጋ ታገኙታላችሁ። ከጨረሰ በኋላ ሪስታርት አድርጉት። በፍላሽ ከሰው የተቀበላችሁትን አትጫኑ፤ ድራይቨር ኮምፒውተራችሁ ውስጥ በጥልቀት የሚገባ ነገር ስለሆነ ምንጩ መታወቅ አለበት።

2. ስልኩ ላይ አፑን ከፕሌይስቶር አውርዱ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም፣ ፓኬጅ ባይኖራችሁም ይሠራል፣ ምክንያቱም ምስሉ የሚሄደው ከኮምፒውተሩ ወደ ስልኩ እንጂ ወደ ውጭ አይደለም።

3. ሁለቱን አገናኙ። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ካለ ሁለቱም እዚያው ዋይፋይ ላይ ይሁኑ። ከሌለ የስልኩን ሆትስፖት አብሩና ላፕቶፑን በሆትስፖቱ አስገቡት። እኔ ግን ገመድ እመርጣለሁ፦ ስልኩን በዩኤስቢ ሰኩና ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖትና ቴዘሪንግ የሚለው ጋ ገብታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብሩ። በገመድ ሲሆን ምስሉ አይቆራረጥም፣ ስልኩም በዚያው ቻርጅ ያደርጋል።

4. ስልኩ ላይ ያለውን አፕ ክፈቱ። የኮምፒውተሩ ስም ይወጣል፤ ንኩት። ካልወጣ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው የሚከለክለው። መጀመሪያ ሲጠይቃችሁ ፍቀዱለት፤ ያን ጊዜ እምቢ ብላችሁት ከሆነ ፋየርዎል ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስፔስዴስክን ፍቀዱ።

5. ኮምፒውተሩ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከፒ ጋር አብራችሁ ተጫኑ። ኤክስቴንድ የሚለውን ምረጡ። ዱፕሊኬት ብትሉት ያው አንዱ ስክሪን ይደገማል፣ ምንም አልተጨመረም።

6. ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ክፈቱ። ሁለት ሳጥኖች ይታያሉ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግራ አስቀምጣችሁ ከሆነ ሳጥኑንም ጎትታችሁ በግራ አድርጉት፤ አለበለዚያ ማውሱ በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላ በኩል ሲመጣ ግራ ያጋባችኋል።

አሁን ስለ ፓኬጅ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚከስርበት ነው። ሆትስፖትም ሆነ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ሲበራ ስልኩ ውስጥ ሲም ካርድ ካለና ዳታው ከበራ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ያገኘ መስሎት አፕዴት ማውረድ ይጀምራል። ፓኬጁ ሳታዩት ያልቃል። ስለዚህ ዳታውን አጥፉ፣ ወይም ሲሙን አውጡ። ለተጨማሪ ጥንቃቄ ዊንዶውስ ውስጥ ኔትወርክ ሴቲንግ ገብታችሁ ያንን ግንኙነት ሚተርድ በሉት፤ ያኔ ትልልቅ አፕዴቶችን አያወርድም።

ምስሉ ቢንቀራፈፍ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የስልኩ አቅም ነው። አፑ ውስጥ ሪዞሉሽኑን ወደ 1280 በ720 አውርዱት፣ የምስል ጥራቱንም ትንሽ ቀንሱ። አምስት ወይም ስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ሙሉ ኤችዲ ዓይን አይለየውም፤ አሮጌውን ፕሮሰሰር ግን ያደክመዋል። ጽሑፉ ካነሰባችሁ ደግሞ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ የስልኩን ሳጥን መርጣችሁ ስኬሉን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ከፍ አድርጉ። ዋናውን ስክሪን አይነካውም።

ስልኩ በየሁለት ደቂቃው እየጠፋ የሚያስቸግር ከሆነ፣ አባውት ፎን ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን ሰባት ጊዜ ንኩ። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚባል አዲስ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ስቴይ አዌክ የሚለውን አብሩ። ቻርጅ እያደረገ እስካለ ድረስ ስክሪኑ አይጠፋም። ሌላውን ነገር እዚያ ገጽ ላይ አትነካኩ።

*ባትሪውን ጠብቁት*

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳትሄዱ። አሮጌ ስልክ ቀን ከሌት ቻርጅ ላይ ሆኖ፣ ስክሪኑ በርቶ፣ ሲሞቅ ከዋለ ባትሪው ያብጣል። የጀርባው ክዳን ከፍ ከፍ ካለ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት እንደ ድሮው አልተኛም ብሎ ከተወዛወዘ፣ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተላቀቀ ወዲያውኑ ንቀሉት። አትጫኑት፣ አትብሱት፣ «ትንሽ ነው ያበጠው» ብላችሁ አትቀጥሉበት። ወደ ሞባይል ጠጋኝ ወስዳችሁ ባትሪውን አስቀይሩ። ሊቲየም ባትሪ ሲበሳ ይቀጣጠላል። ተማሪ ደግሞ ስልኩን አልጋ ላይ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ መሃል ነው የሚያስቀምጠው፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

መከላከያው ቀላል ነው። ብርሃኑን ወደ ግማሽ አውርዱ። ሥራ ስትጨርሱ ንቀሉት። አንዳንድ ሳምሰንግ ስልኮች ባትሪውን ሙሉ ሳይሞሉ እንዲያቆሙ የሚያደርግ ሴቲንግ ስላላቸው ካላችሁ አብሩት። የጀርባ ሽፋኑን አውልቁ፤ ሙቀት ይወጣለታል።

በነገራችን ላይ የላፕቶፕ ዩኤስቢ የሚሰጠው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ተራው ዩኤስቢ 2 ግማሽ አምፒር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 0.9 አምፒር ነው። ስለዚህ ስክሪኑን በሙሉ ብርሃን ከከፈታችሁት ተሰክቶም ቢሆን ቀስ እያለ ሊወርድ ይችላል። ብልሽት አይደለም፣ ብርሃኑን ቀንሱ።

ስክሪኑ አሞሌድ የሆነ ስልክ ላይ ሌላም ነገር አለ። ሳይንቀሳቀስ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የሚቆም ነገር፣ ለምሳሌ ከታች ያለው ታስክባር፣ ጠባሳ ይተዋል። በዚህ ስልክ ላይ ታስክባሩን ከዋናው ስክሪን ውጭ እንዳይታይ አድርጉት፣ ጀርባውንም ጥቁር አድርጉ። ምርጫ ካላችሁ ግን ኤልሲዲ ያለውን ስልክ ለዚህ ሥራ ተጠቀሙ፤ እሱ ላይ እንዲህ ያለው ነገር ብዙም አያሰጋም።

ስልኩን የእውነት ሞኒተር ማድረግ

በሶፍትዌር የሚሠራው መንገድ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ዊንዶውስ ተነስቶ ድራይቨሩ እስካልሠራ ድረስ ምንም አያሳይም። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ መግባት፣ ዊንዶውስ ፎርማት ማድረግ፣ ወይም ዲቪአር ማየት አይቻልም። ለእነዚህ የሚሆነው ኤችዲኤምአይ ካፕቸር የምትባለው ዕቃ ናት። መጠኗ ከፍላሽ ትንሽ ትበልጣለች። በአንድ በኩል የኤችዲኤምአይ ሴት ቀዳዳ አላት፣ በሌላው በኩል የዩኤስቢ ወንድ መሰኪያ። ምስሉን ተቀብላ እንደ ዌብካም አድርጋ ነው ለስልኩ የምታቀርበው።

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህንን መንገድ ነው። ካሜራ ገጣሚ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝና የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ቦርሳው ውስጥ ብትኖረው ብዙ ድካም ትቀንስለታለች። ጠጋኙ ከደንበኛ ቤት ሞኒተር የሌለው ዴስክቶፕ ቢገጥመው ኪሱ ውስጥ ባለው ስልክ ባዮሱን ያያል። ቀራጩ ደግሞ በካሜራው ጀርባ ካለችው ትንሽ ስክሪን ይልቅ በሰባት ወይም በአሥር ኢንች ታብሌት ላይ ፍሬሙን ያስተካክላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልኩ ኦቲጂ የሚቀበል፣ ማለትም እንደ ፍላሽና ማውስ ያለ የዩኤስቢ ዕቃ የሚሰካበት መሆን አለበት፤ ይህን ለማወቅ ኦቲጂ ገመድ ሰክታችሁ ፍላሽ ወይም ማውስ ሞክሩበት፣ ማውሱ ከሠራ ጨርሳችኋል። ቀጥሎ ከዩኤስቢ ካሜራ የሚመጣ ምስል የሚያሳይ አፕ አውርዱ፤ ፕሌይስቶር ላይ ዩኤስቢ ካሜራ ብላችሁ ፈልጉ። ካፕቸሯን በኦቲጂ ገመዱ ሰኩ፣ ስልኩ ፈቃድ ሲጠይቅ ፍቀዱ፣ ከዚያ ኤችዲኤምአይ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ወይም ከዲቪአሩ አምጥታችሁ ሰኩበት። ምስሉ ይመጣል።

ርካሽ ካፕቸሮች ሳጥናቸው ላይ 4ኬ ተብሎ ይጻፋል። እውነታው፣ 4ኬ ምልክት ሊቀበሉ ይችላሉ፣ የሚያወጡት ግን ቢበዛ 1080 ነው፣ ያውም በሴኮንድ 30 ፍሬም አካባቢ። ለኛ ሥራ በቂና ከበቂ በላይ ነው። አፑ ውስጥ የምስል ዓይነት ምርጫ ካለ ኤምጄፔግ የሚለውን ያዙ። ዋይዩዋይ2 የሚለው ላይ ከሆነ ዩኤስቢ 2 ያን ሁሉ መረጃ መሸከም ስለማይችል ምስሉ እየዘለለ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ዕቃዋ ተበላሽታ ነው ብሎ የሚመልሳት በዚህ ምክንያት ነው።

ምስሉ ጥቂት ይዘገያል። ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ታያላችሁ፣ ከእጃችሁ ኋላ ኋላ ይከተላል። ባዮስ ለማየት፣ ካሜራ ለመግጠም ችግር የለውም፤ ጌም ለመጫወት ግን አይሆንም። ቅጂ መከላከያ ያለባቸው ነገሮች፣ ለምሳሌ አንዳንድ የክፍያ ቴሌቪዥን ዲኮደሮች፣ ጥቁር ስክሪን ነው የሚያሳዩት። ካፕቸሯ ጉልበት የምትወስደው ከስልኩ ነውና ባትሪ ይጨርሳል፤ ቀዳዳውም ስለተያዘ በዚያው ጊዜ ቻርጅ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ከቤት ስትወጡ ስልኩን ሞልታችሁ ውጡ።

ቢሮ ውስጥ ሲያገለግሉ የኖሩ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ኤችዲኤምአይ የላቸውም፤ ቪጂኤ ወይም ዲስፕሌይፖርት ነው ያላቸው። ዲስፕሌይፖርት ካለ ቀላልና ርካሽ አዳፕተር ይበቃል። ቪጂኤ ብቻ ካለ ግን ተራ ገመድ አይሠራም፤ ምልክቱን የሚቀይር፣ የራሱ የዩኤስቢ ጉልበት የሚወስድ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ መቀየሪያ ያስፈልጋችኋል። ስትገዙ አቅጣጫውን ንገሩት ሻጩን። ተቃራኒውም ይሸጣል፣ መልኩም አንድ ነው።

የመኪና ስክሪን

መኪና ዕቃ የሚሸጡበት ሱቅ ወይም የመኪና ኤሌክትሪሻን ጋ የሪቨርስ ካሜራ ስክሪን አይጠፋም፤ አንዱ ደንበኛ ትልቁን አንድሮይድ ሲያስገጥም ትንሹን አስነቅሎ ጥሎት ይሄዳል። 4.3፣ 5 ወይም 7 ኢንች ነው። ቢጫ የኤቪ መሰኪያ አለው፣ አንዳንዱ ሁለት። በ12 ቮልት ዲሲ ነው የሚሠራው።

ይህ ስክሪን ለምን ይሆናል? ቁጥርና ትልልቅ ምስል ለማሳየት። የካሜራ ምስል፣ ሰዓት፣ የሪሲቨር ቻናል ማስተካከያ፣ የራስፕቤሪ ፓይ (በአንዲት ትንሽ ቦርድ ላይ ያለች ኮምፒውተር) ሁኔታ ማሳያ። ለጽሑፍ ግን አትግዙት፣ በተለይ ለአማርኛ። ባለ 4.3 ኢንቹ ብዙውን ጊዜ 480 በ272 ነጥብ ብቻ ነው ያለው፣ የኤቪ ምልክት ደግሞ ራሱ ጠርዝ ያደበዝዛል። የላቲን ፊደል እንደምንም ይነበባል። የኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ያለው በትንንሽ ቅጥያ ነው፦ ሱ እና ሲ ጎን ለጎን ሲሆኑ ያቺ ጎን ላይ ያለችው ጭረት መሃል ትሁን ታች ትሁን አትለይም፣ ጨ እና ጬ ደግሞ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። የምትጽፉት አማርኛ ከሆነ ፊደሉን በጣም ማተለቅ አለባችሁ፣ ያኔ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚቀመጠው ጥቂት ቃል ነው።

ገመዱን እንዲህ አድርጉ። ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ሌላ ቀጭን ገመድ ካለ እሱ ሪቨርስ ማርሽ ሲገባ ስክሪኑን የሚቀሰቅሰው ነው፣ ለጊዜው ጫፉን በናስትሮ ጠቅልላችሁ ተዉት። ጉልበቱን ከ12 ቮልት አዳፕተር ውሰዱ። የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ነው፤ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ ግን አትሰኩ፣ 9 ወይም 5 ቮልት የሆነም አለ። ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩና የትኛው ጫፍ ፖዘቲቭ እንደሆነ አረጋግጡ። ቴስተር ከሌላችሁ ለሚያስለካችሁ ሰው የምትከፍሉት የሻይ ዋጋ ስክሪኑን ያድንላችኋል። ፖዘቲቩ ላይ ትንሽ ፊውዝ ብታስገቡ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

ምስሉ ከላፕቶፕ የሚመጣ ከሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚቀይር ሳጥን ያስፈልጋል። እዚህም ያው ጥንቃቄ ነው፦ ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ሳጥን በመልክ መንታው ነው። ላዩ ላይ የታተመውን አንብቡ፣ «ኢንፑት» የሚለው ኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ጋ መሆን አለበት። ጎኑ ላይ ፓል እና ኤንቲኤስሲ (ሁለቱ የቴሌቪዥን ምልክት ዓይነቶች) የሚል ማብሪያ ማጥፊያ የሚመስል ነገር አለ። ምስሉ ወደ ላይ እየተንከባለለ ወይም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ እሱን ወደ ሌላው ገፉት።

ራስፕቤሪ ፓይ ያለው ሰው ሳጥን አያስፈልገውም። ፓይ 3 እና ፓይ 4 ላይ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ውስጥ የኤቪ ምስልም አብሮ አለ። ፓይ 5 ላይ ግን ያ ቀዳዳ ቀርቷል። ፓይ 4 ላይ ኤቪው ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ራስፒ-ኮንፊግን ከፍታችሁ ዲስፕሌይ ኦፕሽንስ ውስጥ ኮምፖዚት የሚለውን አብሩና ሪስታርት አድርጉ። ሰው የሚቸገረው በገመዱ ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው፣ ማለትም አራት ክፍል ያለው ገመድ ያስፈልጋል፣ ግን አራት ክፍል ያለው ሁሉ አንድ አይደለም። ለፓይ የሚሆነው ከጫፉ ሲቆጠር ግራ ድምፅ፣ ቀኝ ድምፅ፣ ኔጌቲቭ፣ ምስል ነው። የድሮ ቪዲዮ ካሜራ ገመድ የኔጌቲቩ ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የተበላሸ ምስል ወይም ባዶ ስክሪን ነው የምታዩት። በቴስተር ለኩ፦ የቢጫው የውጭ ቀለበት ከጫፉ ሦስተኛው ክፍል ጋር መገናኘት አለበት። ከተገናኘ፣ ምስሉ በቢጫው ባይመጣ እንኳ በቀዩ ወይም በነጩ ሊመጣ ስለሚችል እያቀያየራችሁ ሰኩ።

የዚህ ስክሪን ትልቁ ጥቅሙ መብራት ሲሄድ ነው። የሚበላው ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ለቤት ሶላር የተገዛ 12 ቮልት ባትሪ ወይም የሞተር ሳይክል ባትሪ ካለ በቀጥታ ይሠራል። ሱቅ ውስጥ ካሜራ ያለው ሰው ዲቪአሩም አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት ስለሚሠራ ሁለቱን ከአንድ ባትሪ ማስነሳት ይችላል። ዲቪአሩ ኤቪ መውጫ እንዳለው ብቻ ከጀርባው እዩ።

ላፕቶፑ ሞቶ ስክሪኑ ከቀረ

እዚህ ላይ እጅ ይጠይቃል፣ ውጤቱ ግን ከሁሉም የተሻለ ነው። 14 ወይም 15.6 ኢንች፣ ጽሑፍ በደንብ የሚነበብበት፣ ትክክለኛ ሞኒተር ታገኛላችሁ።

ቅድሚያ ስክሪኑ ደህና መሆኑን አረጋግጡ። የተሰነጠቀ ስክሪን የሚድን ነገር የለውም። ላፕቶፑ ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ ጠጋኝ ጋ ወስዳችሁ በሌላ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ባትሪውንና ቻርጀሩን ነቅላችሁ የስክሪኑን ዙሪያ ፍሬም ክፈቱ። ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ በትንንሽ ጎማ ተሸፍነዋል። ትንሽ ካቻቢቴና ጊዜ ያለው በቀጭን ፕላስቲክ፣ ያረጀ የሞባይል ካርድም ይሆናል፣ ዙሪያውን ቀስ እያለ ያላቅቀዋል። ስክሪኑን ወደ ፊት አጋድማችሁ ከጀርባው ያለውን ገመድ ስትነቅሉ ፕላስተሩን መጀመሪያ አንሱ፣ ገመዱን ሳይሆን መሰኪያውን ያዙ።

ጀርባው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። እዚያ ላይ ያለው ረጅሙ የሞዴል ቁጥር፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የምታዙት ኮንትሮለር ቦርድ፣ ማለትም ከኤችዲኤምአይ የመጣውን ምስል ለስክሪኑ የሚያቀርበው ቦርድ፣ ለዚያ ቁጥር የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ «ለ15.6 ኢንች የሚሆን» ብላችሁ ብቻ አትግዙ። መሰኪያው ራሱ ይለያያል፦ ኤልኢዲ ያላቸው ትንሽ ቆየት ያሉት 40 እግር ያለው ኤልቪዲኤስ ናቸው፣ አዳዲሶቹ በአብዛኛው 30 እግር ያለው ኢዲፒ። አንዱ ለሌላው አይሠራም። በጣም አሮጌ የሆኑት ደግሞ ከኋላ ብርሃን የሚሰጣቸው በኤልኢዲ ሳይሆን በቀጭን የፍሎረሰንት አምፖል ነው፤ ያንን የሚያበራው ትንሽ ቦርድ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያወጣል፣ አምፖሉ ውስጥም ሜርኩሪ አለ። እንዲህ ያለው ከገጠማችሁ ተዉት ነው የምላችሁ። ልፋቱን የሚመልስ አይደለም።

ቦርዱ ሲመጣ ከነገመዱና ከነቁልፎቹ ነው፤ ኤችዲኤምአይና ብዙ ጊዜ ቪጂኤም ይኖረዋል፣ 12 ቮልት አዳፕተር ይፈልጋል። ለሁሉም ስክሪን ይሆናል የሚባል ቦርድ ከገዛችሁ ላዩ ላይ 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት የሚል ትንሽ ጃምፐር (ቦታው እየተቀየረ ቮልቱን የሚመርጥ መሰኪያ) አለ። ያ ለስክሪኑ የሚሄደው ቮልት ነው። የላፕቶፕ ስክሪን በተለምዶ የሚፈልገው 3.3 ነው። በ12 ላይ ሆኖ ከበራ ስክሪኑ ይቃጠላል፣ መመለሻ የለውም። ገመዱንም ሁልጊዜ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ሳለ ሰኩ፣ የመጀመሪያውን እግር ምልክት ከሁለቱም በኩል አይታችሁ። ምስሉ መጥቶ ቀለሙ ከተዛባ ወይም ሁለት ቦታ ከተከፈለ ቦርዱ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ለዚያ ስክሪን አይደለም ማለት ነው፤ ሻጩ በቁጥሩ መሠረት ደግሞ ይጫንላችሁ።

ለማቀፊያው የፎቶ ፍሬም የሚሠራ አናጺ ይበቃል። ከኮምፔንሳቶ ጀርባ ሠርቶ ከፊት ስስ ጠርዝ ያበጅለታል። ሁለት ነገር ብቻ ንገሩት። አንደኛ፣ ከስክሪኑ ታች ያለችውን ቀጭን ቦርድ ምንም እንጨት እንዳይጫናት፤ እዚያ የሚያርፍ ጫና ስክሪኑ ላይ ቋሚ መስመር ያወጣል። ሁለተኛ፣ ጀርባው ድፍን እንዳይሆን፣ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይተው። ኮንትሮለሩን ጀርባው ላይ በፕላስቲክ እግር ከፍ አድርጋችሁ ሰኩት፣ እንጨቱን እንዳይነካ።

የጅማ ዝናብ ብዙ ወር የሚቆይ ነው፣ እርጥበቱ ቤት ውስጥም ይገባል። ክፍት የሆነ ቦርድ ከውጭ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ከከረመ እግሮቹ አረንጓዴ ያወጣሉ። ስለዚህ ከግድግዳ አርቁት፣ ሳይሠራ የሚቀመጥ ከሆነ ከአዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አብራችሁ በላስቲክ ቋጥሩት። ሌሊት ብርድ አድሮ ጠል ከያዘም እስኪደርቅ አታብሩት።

የፎቶ ፍሬም የሚሆንበት ጊዜ

ቅድም አብዛኞቹ የፎቶ ፍሬሞች አይሠሩም ብዬ ነበር፣ የሚሠሩ ጥቂቶች ግን አሉ። ሳምሰንግ ኤስፒኤፍ ከሚባሉት ፍሬሞች ውስጥ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ኤስፒኤፍ-87ኤች፣ ሚኒ ሞኒተር የሚል አማራጭ ነበራቸው፤ በዩኤስቢ ሲሰኩ የኮምፒውተር ስክሪን ይሆናሉ። ቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠሉት ትንንሾቹ ደግሞ ውስጣቸው ኤኤክስ206 የሚባል ቺፕ ካለ ሶፍትዌራቸው ተቀይሮ የሲፒዩ ሙቀትና የራም መጠን ማሳያ ይሆናሉ፤ ሊኑክስ ላይ ኤልሲዲ4ሊኑክስ፣ ዊንዶውስ ላይ አይዳ64 የሚባሉት ፕሮግራሞች ያውቋቸዋል። ቤታችሁ ካለ ሞክሩት። ፈልጋችሁ ግዙ ግን አልልም፣ ቺፑ ምን እንደሆነ ከሳጥኑ ላይ አይታወቅምና በዚያ ገንዘብ ካፕቸሯን ብትገዙ ይሻላችኋል።

ስክሪኑ ከተሠራ በኋላ ምን እንደምታስቀምጡበት ከወዲሁ ወስኑ። ትንሽ ስክሪን የሚጠቅመው ዓይናችሁ አልፎ አልፎ ለሚያየው ነገር ነው፦ ቴሌግራም፣ የምትገለብጡት ፒዲኤፍ፣ የፎቶሾፕ መሣሪያ ሳጥኖች፣ የካሜራ ምስል። ዋናው ጽሑፋችሁ ትልቁ ላይ ይቆይ። ስልኩን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አታጋድሙት፤ ከትልቁ ስክሪን ጎን፣ ዓይናችሁ በሚያይበት ቁመት ላይ በመጽሐፍ ደግፋችሁ አቁሙት። አንገታችሁን ደፍታችሁ እያያችሁ ከዋላችሁ ማታ አንገታችሁ ያማችኋል።